የሐሙስ ቃል በአፕራሶ ንባብ ቤት

ከሱቤን ወንዝ ወዲህ፣ ዳገቱ ሊጀምር ሲል፣ የእንግሊዛዊው ኮሚሽነር መኪና ጭቃ ውስጥ ገብታ ቀረች። ሾፌሩ ሞተሩን ባስጮኸ ቁጥር የኋላ ጎማዎቿ ቀዩን ጭቃ እየረጩ ይብሱን ይሰምጡ ነበር። ቲሞቲ ኛርኮ ከከተማው እየሮጠ ሲደርስ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ነበር። መኪናዋን እንዳየ ከአንድ የኮኮዋ ዛፍ ጀርባ ቆም አለና ጫማውን በጭቃ እግሩ ላይ አጠለቀ፤ ሱሪውን ለቀቀ፤ ከረባቱን አስተካከለ። ከዚያ በኋላ ነው ብቅ ያለው።

ቲሞቲ በአፕራሶው ንጉሥ በናና ፍርድ ቤት ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበር። ነጭ በመጣ ቁጥር በእንግዳውና በናና መካከል የሚቆመው እሱ ስለሆነ የአፕራሶ ሰው "ቱርጁማን" ይለዋል። የኮኮዋ ዋጋ በወደቀ ማግስት፣ ሰው ሁሉ አንገቱን በደፋበት ዓመት፣ አፕራሶ የንባብ ቤት ሠርታ ጨርሳለች። ከባሕር ዳር ከተሞች ወዲህ፣ በዚያ ሁሉ ጫካ፣ እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሌላ ከተማ አልነበረም። ኮሚሽነሩም የመጣው ሊመርቀው ነው።

"ሰው የታለ?" አለ ኮሚሽነሩ ከመኪናዋ ሳይወርድ፣ በቡሽ ባርኔጣው ፊቱን እያራገበ።

"አሁን ይደርሳሉ ጌታዬ።"

የደረሱት ግን ያስጠራቸው ወንዶች አልነበሩም። ከወንዙ በኩል ሴቶች በሰልፍ ዳገቱን ይወጣሉ፤ በየራሳቸው ላይ አሸዋ የሞላ ገበቴ ተሸክመዋል። ሌሊቱን ስለዘነበ የንባብ ቤቱ ግቢ ጭቃ ሆኖ ነበርና፣ የነጩ ሰውዬ ጫማ እንዳይበላሽ አሸዋ ሊያለብሱት ነው የሚሄዱት። ከፊት የምትመራቸው ኤኖ አሴዱዋ ነበረች፤ "ኤኖ" ማለት እናት ማለት ነው። የቲሞቲ እናት ታላቅ እህት ናት። እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተችበት፣ አጥብታ ያሳደገችውም ሚሲዮን ትምህርት ቤት የላከችውም እሷ ናት።

"ቱርጁማን!" አለች ከኋላ ያለችው ቀልደኛዋ አክያ፤ "ጌታህ እንደ አሳማ ጭቃ ላይ ተኛ እንዴ?"

"ዝም በይ አክያ። እባካችሁ ግፉልን።"

"እኛ ነን የምንገፋው? ከረባት ያሰሩት የት ሄዱ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ያን በጋ ሁሉ ለንባብ ቤቱ ድንጋይ ሲሸከሙ የሚዘፍኑት ዘፈን ነበራቸውና አንዷ አነሳችው፤ ሌሎቹ ተቀበሏት፦

"ከረባት አሰረ አሉ፣ አንገቱ አማረለት፤
እንደ ፍየል ታስሮ፣ ገመዱን ማን ያዘለት?"

አሸዋቸውን ከጎማዎቹ ስር ደፉ፤ ኩታቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ገፉ። ኤኖ አሴዱዋ ትከሻዋን ከመኪናዋ ጀርባ ላይ አስደግፋ፣ ዕድሜዋን ረስታ ነበር የምትገፋው። መኪናዋ ድንገት ተስፈንጥራ ስትወጣ መደገፊያ አጣችና በግንባሯ ጭቃው ላይ ተደፋች። ስትነሳ ለበዓሉ የለበሰችው ሰማያዊ ኩታ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ በቀይ ጭቃ ተለውሶ ነበር።

ቲሞቲ አንድ እርምጃ ተራመደ። ወዲያው ኮሚሽነሩ "ግባ፣ ግባ" ብሎ ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን በር አመለከተው። በሕይወቱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። ገባ።

"ያቺ አሮጊት ማን ናት?" አለ ኮሚሽነሩ ወደ ኋላ እያየ። "ጉልበቷ የበሬ ነው።"

ቲሞቲ መስታወቱን አየ። ኤኖ አሴዱዋ ጭቃውን ከዐይኗ ላይ በእጇ ጀርባ እየጠረገች ወደ መኪናዋ ታይ ነበር፤ ፈገግ ያለች መሰለው። ልጇ መኪና ላይ ወጣ።

"አንዲት የመንደር ሴት ናት፣ ጌታዬ" አለ።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ጆሮው ጋለ። የቀረውን መንገድ የጫማውን ጫፍ ሲያይ ሄደ።

ንባብ ቤቱን ያሰበው የአፕራሶ የንባብና የክርክር ማኅበር ነው። አባላቱ ጸሐፊዎች፣ አስተማሪዎችና የኮኮዋ መዛኞች ነበሩ። ቅዳሜ ማታ ከረባት አስረው ይሰበሰቡና "ሥልጣኔ ደስታን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?" እያሉ በእንግሊዝኛ ይሟገታሉ፤ በመሃል በአገሩ ቋንቋ በትዊ የተናገረ ይቀጣል። ሊቀ መንበሩ ሚስተር ዳንሶ የአንድ ኮኮዋ ገዢ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ነበር፤ ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሲስቅ ሰው ሁሉ አብሮት የሚስቅ ሰው። ቲሞቲ ጸሐፊያቸው ነበር። ዳንሶ "ወንድሜ ኛርኮ" ብሎ ትከሻው ላይ እጁን ሲጥል ቲሞቲ በዚያ ቀን ምሳ ባይበላም ግድ አልነበረውም።

መጻሕፍቱ ከባሕር ማዶ በሣጥን መጡ። ቤት ግን አልነበረም። ናና ቦታ ሰጡ፤ ወጣቶቹ ግን ድንጋይ የሚሸከም ጀርባ አልነበራቸውም። "አክስትህ የሴቶቹ አለቃ አይደለችም?" አለው ዳንሶ። "አንተ አነጋግራት እንጂ።"

ቲሞቲ ሄዶ አነጋገራት። ሴቶቹ በኤኖ ግቢ ተሰብስበው አዳመጡትና "ለእኛስ ምን ይሆነናል?" አሉት።  ባዶ እጁን ወደ ዳንሶ መመለሱን ሲያስብ አፉ ብቻውን ተናገረ፤ "ሐሙስ የእናንተ ይሆናል" አላቸው። ሐሙስ የምድር ቀን ነው፤ በአፕራሶ በዚያ ቀን ማንም መሬትን በዶማ አይነካም፤ ሴቶቹም እርሻ አይወርዱም። "ሐሙስ ሐሙስ ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ። መጽሐፉን እያነበብን በቋንቋችሁ እንነግራችኋለን። በዓለም ላይ ያለውን ሁሉ ትሰማላችሁ።"

 አንዲት አሮጊት "ልጆቻችን ከእኛ የሚደብቁትን ወሬ ሁሉ?" ብላ ጠየቀች፤ ሳቅ ሆነ። በማግስቱ ከወንዙ ድንጋይ መውጣት ጀመረ። በጋው እስኪያልቅ አልቆመም።

ቲሞቲ ያን ቃል ለዳንሶ የነገረው በምረቃው ዋዜማ ነበር። ዳንሶ በር ላይ የሚለጠፈውን ደንብ ጽፎ ቀለሙን እያደረቀ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ይነገራል፣ በባዶ እግር አይገባም፣ አባል ያልሆነ አይገባም ይላል።

"ሐሙስ ለሴቶቹ?" አለ ዳንሶ። "ዓሣና ሕፃን ታቅፈው ሊገቡ? ወንድሜ ኛርኮ፣ ማን ቃል ግባ አለህ?"

"ድንጋዩን እንዲሸከሙ ብዬ..."

"ተሸከሙ እኮ! አለቀ።" ሳቀ። ቲሞቲም አብሮት ሳቀ።

በምረቃው ከሰዓት በኋላ ናና በሰፊው ጃንጥላ ስር በዙፋናቸው ተቀመጡ። በቀኛቸው ሽማግሌው አፈ ንጉሥ አምፖንሳ ባለወርቅ ጉልላት በትራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ናና ለሕዝብ የሚሉት ሁሉ በእሳቸው አፍ ነው የሚወጣው። በግራ ኮሚሽነሩ፣ ከእሱ ጎን ዳንሶና የማኅበሩ ወጣቶች፣ ሁሉም በጥቁር ኮት፣ በላብ ተጠምቀው። ከበሮ ተመታ፤ ለሞቱት አባቶች መታሰቢያ መጠጥ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ኮሚሽነሩ ሪባኑን ቆረጠ። ከበሩ አጠገብ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ዶርካስ ቆማለች። መጻሕፍቱን አቧራ የሚጠርግላቸው ሌላ ሰው ስላልተገኘ የቤቱ ጠባቂ አድርገዋት ነበር፤ አባልነት ግን አልሰጧትም።

ሁሉ ሊያልቅ ሲል ኤኖ አሴዱዋ ተነሳች። ኩታዋን ለመቀየር ጊዜ አልነበራትም፤ ቀዩ ጭቃ ደርቆባት እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ትከሻዋን ገልጣ ናናን እጅ ነሳች። ናና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንድትናገር ተፈቀደላት። ዳንሶ ጎንበስ ብሎ "ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?" ሲል ወጣቶቹ ከንፈራቸውን ነከሱ። ቲሞቲ ተነስቶ በእሷና በነጩ መካከል ቆመ። ያንን ጭቃ ላለማየት ዐይኑን ከራሷ በላይ ሰቀለ።

"ልጄ፣ ለነጩ ሰውዬ ንገርልኝ" አለች። ድምጿ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። "ይህ ቤት የቆመው በእኛ አንገት ላይ ነው። ድንጋዩን ስንሸከም ሐሙስ የእናንተ ነው ተብለናል። እኛ ማንበብ አንችልም፤ መስማት ግን እንችላለን። ቃሉን ይስማና ምስክር ይሁነን፤ ነገ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር። ይኸው ነው።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ዳንሶ ቀጥ ብሎ ቲሞቲን አየው። ኮሚሽነሩ ቅንድቡን አንስቶ ጠበቀ።

ቲሞቲ ዞረና በእንግሊዝኛ፣ "ሴቶቹ የእንግሊዙን ንጉሥ ያመሰግናሉ፣ ጌታዬ፤ ለልጆቻቸው እንዲህ ያለ ቤት በመሠራቱ ደስታቸው ወሰን የለውም ይላሉ" አለ።

ኮሚሽነሩ ፈገግ አለ። ሴትዮዋን ሳያይ፣ ሰዓቱን እያየ፣ "መልካም፣ መልካም። ቤታቸውን በንጽሕና እንዲይዙ፣ ሕፃናቱንም አዘውትረው እንዲያጥቡ ንገራቸው። የሴት ትልቁ ሥራ እሱ ነው" አለ።

ቲሞቲ ወደ ኤኖ ዞረ። ፊቷ ላይ ያለው ተስፋ የትንሽ ልጅ ነበር። እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሰምቻለሁ ብሏል። ሐሙስ የእናንተ ነው ብሏል።"

እልልታው ምድሩን አናወጠው። ሴቶቹ ለደስታ ቀን የያዙትን ነጭ አፈር እያነሱ እርስ በርስ በትከሻቸው ላይ ረጩ፤ ኩታቸውን አውለበለቡ፤ አክያ በነጩ ፊት ወገቧን ይዛ ጨፈረች። ኮሚሽነሩ ደስ ብሎት "ለምክር እንዲህ የሚደሰት ሕዝብ አይቼ አላውቅም" አለ።

ያን ጊዜ ነበር ቲሞቲ ከጀርባው የታፈነ ሳቅ የሰማው። የማኅበሩ ወጣቶች ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማሉ። አንዱ መሐረቡን አፉ ውስጥ ወትፏል፤ ሌላው ዕንባው እስኪፈስ ይንዘፈዘፋል። በሩ አጠገብ የቆመችው ዶርካስ ግን አልሳቀችም። ቲሞቲ አያት፤ እሷም አየችው፤ ቀድሞ ዐይኑን የሰበረው እሱ ነበር።

ማታ በዳንሶ ሰገነት ላይ ቢራ ተከፈተ። "እንዲህ ያለ ቱርጁማን!" አለ ዳንሶ ጀርባውን እየመታ። "ሁለቱንም በአንድ ምላስ አስደሰተ! ፖለቲከኛ ነህ አንተ።" ሁሉም "ሐሙስ! ሐሙስ!" እያሉ ብርጭቆ አነሱ። ቲሞቲ ጠጣ። ቢራው ቢመረውም ሳቁን አላቋረጠም።

እስከ ሐሙስ ድረስ ወደ ኤኖ ቤት አልሄደም። ራሴን አመመኝ ብሎ ላከ። እሷ ለሕመሙ የበርበሬ ሾርባ በማሰሮ ላከችለት።

ሐሙስ ፀሐይ ሞቅ ሲል ሴቶቹ መጡ። ታጥበው፣ ቅቤ ተቀብተው፣ ለቀብርና ለሠርግ የሚያወጡትን ኩታ ለብሰው ነበር። እያንዳንዷ የራሷን በርጩማ በራሷ ላይ ተሸክማለች፤ በሰው በርጩማ መቀመጥ ነውር ስለሆነ የማኅበሩን ወንበሮች አላሰቡም። ሕፃን ያላት ሕፃኗን ቤት ትታ መጥታለች። አንዳንዶቹ ከየጎረቤቱ የለመኑትን ጫማ አድርገዋል፤ ለአክያ የደረሳት የወንድ ነበርና እየጎተተችው ነው የመጣችው።

ዳንሶ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ቲሞቲ ከበሩ ጎን ነበር፤ ጸሐፊው እሱ ስለሆነ የንባብ ቤቱ ቁልፍ በኮቱ ኪስ ውስጥ ነው።

"እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?" አለ ዳንሶ።

"ሐሙስ ነው" አለች ኤኖ አሴዱዋ።

"ሐሙስ መሆኑን አውቃለሁ። ቤቱ ግን የማኅበሩ ነው። ደንቡ ይኸው ተለጥፏል።"

"ለማያነብ ሰው ወረቀት ምን ያሳዩታል?" አለች አክያ። "ነጩ ፈቅዷል። ሁላችንም ሰምተናል።"

ዳንሶ ፈገግ አለ። ክፉ ሰው ስላልነበረ ሳይሆን አይቀርም ትንሽ ያመነታው፤ ከኋላው ግን ወጣቶቹ በመስኮት እያዩት ነው። "ነጩ እንዲህ ያለ ነገር አላለም" አለ። "ሕፃናቱን እጠቡ ነው ያለው። የራሳችሁን ልጅ ጠይቁት። ይኸው ቆሟል።"

የሴቶቹ ፊት ሁሉ ወደ ቲሞቲ ዞረ። ኤኖ አሴዱዋ በርጩማዋን ከራሷ ላይ አውርዳ በክንዷ ታቀፈችው።

"ቲሞቲ" አለች ቀስ ብላ። "ነጩ ሰውዬ ምን አለ?"

እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ቁልፉ ጣቱ ላይ ቀዝቅዟል። ሁለት እርምጃ ነው በሩ። ዳንሶ ወደ ጎን ቢገፋ የሚገፋ ሰው ነው፤ ጉልበተኛ አይደለም። ቲሞቲ ይህን ሁሉ አሰበ። ከዚያም ከመስኮቱ በኩል የታፈነውን ሳቅ ሰማ። ራሱን ደፍቶ፣ የገዛ ጫማውን እያየ ዝም አለ።

 አንዲት ሴት "አይ..." አለች።

"ተዉት" አለች ኤኖ አሴዱዋ ድንገት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ልጄ የሰማውን ነው የነገረን። ነጩ ነው ቃሉን ያጠፈው። ነጭ ቃሉን ሲያጥፍ ዛሬ የመጀመሪያው ነው እንዴ? ኑ እንሂድ።"

በርጩማዋን መልሳ ራሷ ላይ አስቀመጠችና ዞረች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተከተሏት። አክያ ብቻ ቆም ብላ የወንድ ጫማዋን አወለቀች፤ አንዱን በአንዱ ላይ መታ መታ አድርጋ አሸዋውን ካራገፈች በኋላ "ይህን አሸዋ እኔ ነኝ ያመጣሁት" ብላ ሄደች።

እንዲሰድቡት፣ እንዲተፉበት ይፈልግ ነበር። ኤኖ ከለላ ስትሆነው ግን አጥንቱ ድረስ ገባ። ከረባቱን ሊፈታ ሞከረ።

"በሩን ክፈትልኝ፤ አቧራ ልጠርግ" አለችው ዶርካስ ከአጠገቡ። ቁልፉን ሰጣት። ተቀብላው አላለፈችም። "እኔም ዝም ብያለሁ" አለች። "የዚያን ቀን ልጮህ እችል ነበር። እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ። አንተስ ምን ፈርተህ ነው?"

 የፈራው ዳንሶ እንዳይስቅበት ነው። እንዲህ ብሎ ለሰው እንዴት ይነገራል?

በዚያው ቀን ወደ አፈ ንጉሥ አምፖንሳ ቤት ሄደ። ሽማግሌው ከዛፍ ስር በቅል የዘንባባ ጠጅ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ተንበርክኮ ነገራቸው። በመኪናው ውስጥ ያላትን "አንዲት የመንደር ሴት" ሳይቀር ነገራቸው። ሽማግሌው አፋቸው ውስጥ የነበረውን ጠጅ መሬት ላይ ተፉት።

"እኛ የጌታን ቃል እናሳምራለን" አሉ። "ማር እንቀባዋለን፣ እናሽሞነሙነዋለን። መለወጥ ግን! በናና ጃንጥላ ስር? በእናትህ አፍ ላይ?" ቅላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። "ውርደትና ሞት በአንድ መንገድ ቢመጡ አባቶቻችን ለሞት ነበር ወንበር የሚሰጡት። አንተ ግን ገና ወጣት ነህ። ተነስ። ሞት አይሰጥህም፤ ትኖርበታለህ።"

እሁድ ከሰዓት በኋላ አፈ ንጉሡና ሌላ ሽማግሌ፣ እንደ ወጉ በግ አስጎትተው፣ ቲሞቲን መሐል አድርገው ኤኖ ግቢ ገቡ። ኮት አልለበሰም። እንደ በደለኛ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አስሮ፣ በባዶ እግሩ ነበር። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ሽማግሌዎቹ እኛ እንናገርልሃለን ብለውት ነበር፤ እሱ ግን ራሱ ተናገረ። ነጩ ያለውን በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በትዊ፣ ቃል በቃል ደገመው። ሕፃናቱን እጠቡ የሚለውን እንኳ አላስቀረም።

"ሁለት ምላስ አለው ለካ" አለች አክያ። "አንዱን ቆርጠን እናድርቀው? ለሾርባ ይሆናል።"

ማንም አልሳቀም። ኤኖ አሴዱዋ እጇን አነሳች።

"አውቄ ነበር" አለች።

ቲሞቲ ቀና አለ።

"ነጩ አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላየም። ቃል የሚሰጥ ሰው ዐይኑንም ይሰጣል። ጓደኞችህም ሲስቁ አይቻለሁ። አሮጊት ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም።"

"ታዲያ... ታዲያ ሐሙስ ለምን መጣሽ ኤኖ?"

"አንተ እንድትከፍትልኝ ነዋ!" ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። "ውሸትህን እውነት የምታደርግበት ቀን ሰጠሁህ። እነዚህን ሁሉ ሴቶች አሳጥቤ፣ አልብሼ፣ ጫማ አስለምኜ ያመጣሁልህ ለምን ይመስልሃል? ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነበር። እጅህን እያየሁት ነበር። አሁን ያወጣዋል፣ አሁን ያወጣዋል እያልኩ!" ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። "ከጭቃ ስነሳ ትተኸኝ ስትሄድ ምንም አላልኩም። ልጄ መኪና ገባ ብዬ ደስ አለኝ። በሩ ላይ ግን አሳፈርከኝ፤ በእነሱ ፊት ስለ አንተ አስዋሸኸኝ። ከዚያ በፊት ዋሽቼ አላውቅም።"

ቲሞቲ ግንባሩን መሬት ላይ አደረገ። ማንም ተነስ አላለውም። በጉን ሴቶቹ ተቀበሉ፤ ይቅርታ ግን በዚያ ቀን አልተሰማም።

ነገሩ ናና ዘንድ ደረሰ። ናና የአስተርጓሚነቱን ሥራ ከቲሞቲ ወሰዱ፤ ሁለት ቃል የበላ አፍ በዙፋናቸው ፊት አይከፈትም አሉ። ማኅበሩም በሴቶች ፊት በግ ይዞ የተንበረከከ ጸሐፊ አያስፈልገንም ብሎ አሰናበተው። ዳንሶ ቀርቦ "ወንድሜ፣ ቀልድ እኮ ነበር" አለው፤ ከልቡ ያዘነ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሲገናኙ ዳንሶ የሚያየው የኮኮዋ ዛፎቹን ሆነ።

ስለ ቤቱ ግን ናና እንዲህ ፈረዱ፦ "ክፍሉ የማኅበሩ ነው፤ ደንብ አላቸው። መሬቱ የዙፋኑ ነው። በጃንጥላዬ ስር ሐሙስ የሴቶቹ ነው ተብሎ ተነግሯል፤ የተናገረው አፍ ቢበላሽም ቃሉ ተነግሯል። ሐሙስ ሐሙስ ግቢው የእነሱ ይሁን። የዋሻቸው ያንብብላቸው፤ ይብቃህ እስኪሉት ድረስ።"

ሴቶቹ ወደ ክፍሉ ለመግባት ገና ብዙ ዝናብ ማለፍ ነበረበት። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ከግቢው፣ ራሳቸው ካመጡት አሸዋ ላይ፣ በርጩማቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። የመጡት ከመጀመሪያው ቀን እኩሌታ አይሆኑም። ኤኖ አሴዱዋ መጥታለች፤ የተቀመጠችው ግን ጀርባዋን ወደ ቲሞቲ አድርጋ፣ ወደ መንገዱ ዞራ ነው። ለእሱ በርጩማ ያመጣለት አልነበረም። መሬት ላይ ተቀመጠ።

ዶርካስ በመስኮቱ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አቀበለችው፤ አንድ መርከበኛ ባሕሩ ራሱ በረዶ ወደሚሆንበት፣ ወደ ሰሜን የዓለም ጫፍ የሄደበት ታሪክ ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ዳንሶና ሁለት አባላት ጋዜጣ ዘርግተው ይታያሉ። ቲሞቲ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። አንድ ዓረፍተ ነገር በልቡ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ከዚያ በትዊ ይናገራል።  መርከቡ በበረዶ መካከል ተጣብቆ ሲቀር አንዷ "ልጆቻቸውስ?" ብላ ጠየቀች።

ከዚያ መርከበኞቹ በበረዶው ላይ ተኝቶ አንድ የባሕር አውሬ አዩ። ቲሞቲ የአውሬውን ስም አነበበውና ቆመ። እንዲህ ያለ ፍጥረት ሰምቶ አያውቅም።

"ምን አዩ?" አለች አክያ። "ምንድነው እሱ?"

ጉማሬ ሊል ነበር። ጉማሬ ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ታሪኩም ሳይቆም ይሄዳል። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። አፉን ዘጋው።

"አላውቀውም" አለ። "ስሙ እዚህ ተጽፏል። እንስሳውን ግን አላውቀውም።"

ከመስኮቱ ውስጥ የዳንሶ ጎርናና ሳቅ ተሰማ። "ቱርጁማናችን አያውቀውም!" አለ በእንግሊዝኛ። የቲሞቲ ፊት ነደደ፤ ላብ በአንገቱ ወረደ። ሴቶቹ እንግሊዝኛውን ባይሰሙም ሳቁን ሰምተውታልና ሁሉም የቲሞቲን ፊት አዩ። 

ኤኖ አሴዱዋ አልዞረችም። ፊቷን ከመንገዱ ሳታነሳ፣

"እንግዲያውስ የማታውቀውን አላውቅም እያልክ ሂድ" አለች። "ቀጥል፤ ጀምበር ልትጠልቅ ነው።"

ቀጠለ።